ቢጫው ወንበር ደጃፉ ላይ ቆሟል፦ ስለ ወ/ሮ ኦርዜላ ፒንክኒ ዕረፍት ከሎከስት ኮርት ተከራዮች ማኅበር የተሰጠ የሀዘን መግለጫ

የሎከስት ኮርት ተከራዮች ማኅበር መሥራቹና የረጅም ዘመን ሊቀመንበሩ ወ/ሮ ኦርዜላ ፒንክኒ በኩላሊት ሕመም ሲሠቃዩ ቆይተው ፌብሩዋሪ 2 ቀን በሰባ አራት ዓመታቸው ማረፋቸውን ለአባላቱ፣ ለጎረቤቶቹና ለሃርላን ፌሪ ከተማ ነዋሪዎች ሁሉ ያስታውቃል። ሀዘናችን ከባድ ነው። ንዴታችንም ከሀዘናችን አያንስም፤ ምክንያቱን ከዚህ በታች እንናገራለን።

ወ/ሮ ኦርዜላ እዚሁ ፔንሲልቬኒያ፣ ከወንዙ ማዶ ተወልደው ያደጉ ናቸው። የብረት ፋብሪካው እስኪዘጋ ድረስ በሠራተኞቹ ምግብ ቤት አብስለዋል፤ ከዚያም ወገባቸው አልታዘዝ እስኪላቸው በሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ሠርተዋል። የከተማው የቤቶች ኤጀንሲ ከተከራዩ ገቢ ሲሶውን እያስከፈለ ቀሪውን ኪራይ ለባለ ሕንፃው የሚከፍልበት ድጋፍ የደረሳቸው ተራ ሲጠብቁ ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው። በሎከስት ኮርት ሕንፃ የተሰጣቸውን ቤት ቁልፍ የተረከቡ ዕለት ባዶው ወለል ላይ ቁጭ ብለው እንዳለቀሱ ራሳቸው ይናገሩ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2006 ማኅበራችንን መሠረቱ። በዚያው ክረምት የሕንፃው ማሞቂያ ተበላሽቶ ሰሚ ሲጠፋ፣ ነዋሪውን ብርድ ልብስ አስይዘው ወደ ኤጀንሲው የእንግዳ መቀበያ አዳራሽ ወሰዱ። «እዚህ ይሞቃል፤ የእኛ ቤት እስኪሞቅ እዚሁ ነን» አሉ። ማሞቂያው በማግስቱ ተጠገነ።

በ2011 የወንበሩ ጉዳይ መጣ። በከተማችን በረዶ ጠርጎ የመኪና ማቆሚያ ያወጣ ሰው ቦታው ላይ ወንበር ያቆማል፤ ያን ወንበር ማንም አይነካውም። ፖሊስ እንኳ አይቶ ያልፋል። ባለ ሕንፃው ግን ጥበቃ ቀጥሮ ወንበሮቻችንን ቆሻሻ መጣያ ውስጥ አስጣለ። ወ/ሮ ኦርዜላ መኪና ኖሯቸው አያውቅም። የኩሽናቸውን ቢጫ ወንበር የሚያውሱት ሌሊት ለምትሠራ ነርስ ጎረቤታቸው ነበር። ሆኖም ወንበሮቹን አንድ በአንድ አውጥተው ወደየቦታቸው ከመለሱ በኋላ ጥበቃውን ጠርተው፣ «ስማ የኔ ልጅ፣ እያንዳንዱ ወንበር ስር የሰው ወገብ አለ። እጅህን ሰብስብ» አሉት። ሰበሰበ። ከዚያ ወዲህ ወንበር ተነክቶ አያውቅም።

ከሁሉ በላይ የሚታወቁት ግን በምክራቸው ነው። አዲስ ተከራይ በገባ ቁጥር ዳቦ ጋግረው ደጁን ያንኳኩና፣ «ቤትህ የሚያድር ሁሉ ኤጀንሲው ዘንድ ስሙ ይግባ። እግዜር ሲጠራህ ቤቱን ይዘህባቸው እንዳትሄድ» ይሉ ነበር። በዚህ ምክር ወላጆቻቸው ሲሞቱ ሜዳ ላይ ሳይወድቁ የቀሩ ልጆች ዛሬም በሕንፃው ውስጥ አሉ።

በ2022 ሕመሙ ሲጠና ታናሽ እህታቸው ወ/ሮ ቨርዲን ፒንክኒ ኦሃዮ ያለውን ቤታቸውን ለቀው፣ ጓዛቸውን ሸክፈው መጡ። ወ/ሮ ኦርዜላም ለሰው የሚመክሩትን ለራሳቸው ሊፈጽሙ የእህታቸውን ስም ይዘው ወደ ኤጀንሲው ሄዱ። የኤጀንሲው ሠራተኛ፣ «አስታማሚ ብለን ብንመዘግባቸው ይሻልዎታል፤ ተጨማሪ መኝታ ክፍል ይፈቀድልዎታል» አሏቸው። አስታማሚ የተባለ ሰው ከቤተሰብ እንደማይቆጠር፣ በሽተኛው ሲሞት ቤቱን ለቅቆ እንደሚወጣ ግን አልነገሯቸውም። ወ/ሮ ኦርዜላ ደስ ብሏቸው ተመልሰው፣ «የቨርዲን ስም ገብቷል፤ አሁን ብሞትም ግድ የለኝም» ብለውናል።

ወ/ሮ ቨርዲን እህታቸውን ሲያነሱ፣ ሲያጥቡ፣ ሲያበሉና በሳምንት ሦስት ቀን ደም ወደሚታጠብበት ክፍል ሲያመላልሱ ኖሩ። ደመወዝ የሚባል ነገር አላዩም፤ አልጠየቁምም።

ፌብሩዋሪ 5 ቀን ኤጀንሲው ሟቿን «የቤተሰባችን አባል» የሚል የሀዘን መግለጫ አወጣ፤ ነጭ አበባም ላከ። በዚያው ዕለት ወ/ሮ ቨርዲን እስከ ወሩ መጨረሻ ቤቱን እንዲለቁ የሚያዝ ማስጠንቀቂያ ደረሳቸው። አበባውንና ማስጠንቀቂያውን ያመጣው አንድ መልእክተኛ ነው። ወ/ሮ ቨርዲን በሩ ላይ ቆመው፣ «ለየትኛው ነው የምፈርመው?» ብለው ጠየቁት። «ለሁለቱም፣ እማማ» አለ አንገቱን ደፍቶ። እሱን አንወቅሰውም።

በማግስቱ የማኅበሩ ተወካዮች ኤጀንሲው ድረስ ሄደው ኃላፊውን አነጋገሩ። ኃላፊው፣ «እህት መሆናቸውን አልካድንም። በእኛ ደንብ ግን አስታማሚ ናቸው፤ በሽተኛ ከሌለ ደግሞ አስታማሚ የለም» ሲሉ መለሱ። ይህ ከሰው አፍ ይወጣል? ወጥቷል፤ በጆሯችን ሰምተናል። ታላቂቱን «ቤተሰባችን» ብሎ አልቅሶ ታናሺቱን በረዶ ላይ የሚያወጣ ምን ዓይነት ቤተሰብ ነው? እህትን አስታማሚ ብላችሁ የመዘገባችሁ እናንተ! ይሻላል ብላችሁ የመከራችሁ እናንተ! አሁን ደንብ ነው የምትሉትም እናንተው! እፍረት የሚባል ነገር የት ገባ?

ስለዚህ ማኅበሩ የኤጀንሲውን የሀዘን መግለጫ አልተቀበለም። አበባውንም መልሷል። ወ/ሮ ቨርዲን የሟች ቤተሰብ ተብለው ድጋፉ በስማቸው እንዲቀጥል ጥያቄ አቅርበናል፤ ጉዳዩ በይፋ እንዲሰማም ጠይቀናል። መልስ እስኪመጣ አንድም ዕቃ ከዚያ ቤት አይወጣም።

ሥርዓተ ቀብሩ ቅዳሜ ከረፋዱ አምስት ሰዓት በማውንት ኔቦ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ይፈጸማል። ከቀብር መልስ በምድር ቤቱ አዳራሽ ዶሮ ጥብስና መኮሮኒ ይቀርባል፤ የቻለ አንድ ትሪ ይዞ ይምጣ። የኤጀንሲው ኃላፊዎች መምጣት ከፈለጉ ቤቱ የእግዚአብሔር ነው፣ አንከለክልም። ንግግር ግን አያደርጉም።

ለወ/ሮ ቨርዲን፣ ለቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን፣ በሕመማቸው ጊዜ ላልተለዩአቸው ነርሶችና ምክራቸው ቤት ላተረፈላቸው ሁሉ መጽናናትን እንመኛለን። ኦርዜላ ፒንክኒ የማንንም በር ሳያንኳኩ አላለፉም፤ እኛም የእርሳቸውን በር ትተን አንሄድም።

በመጨረሻም የሚመለከተው ሁሉ እንዲያውቀው፦ የወ/ሮ ኦርዜላ ቢጫ ወንበር ከትናንት ጀምሮ በቤታቸው ደጃፍ ቆሟል። አባሎቻችን ተራ ገብተው ይቀመጡበታል። በዚህ ከተማ ወንበር አይነካም፤ አነሳለሁ የሚል ካለ በቀን ይምጣና ስሙን ይንገረን። ወ/ሮ ቨርዲን ውስጥ ናቸው። ቦታው ተይዟል።

የሎከስት ኮርት ተከራዮች ማኅበር
ሃርላን ፌሪ