አባታችን የሚሳሳትባት ሙሾ

ውድ ወንድሜ ቶርኪል፣

ደክሞኛልና አላስረዝምብህም። አባታችን አልጋ ላይ ከዋለ ወዲህ ማታ ማታ አገላብጠዋለሁ፣ ጠዋት የአጃ ገንፎውን አጎርሰዋለሁ፤ እሱ ደግሞ «ውሃ ውሃ ይላል» እያለ ይነጫነጭብኛል። ዝናቡም አላባራ ብሏል። አንተ እዚያ ኒውዚላንድ ፀሐይህን ትሞቃለህ። ምቀኝነት አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ምቀኝነት አለበት።

ሳንባው አብቅቶለታል። ዕድሜውን ሙሉ የነፋው ባለከረጢት ዋሽንት፣ ባግፓይፑ፣ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ የቆዳ ከረጢቱ ደርቋል። አንተን ስጠራበት ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞር ነበር። ከመሄድህ በፊት በበጋው ውድድር የጎሳችንን የማክቶርላንን ሙሾ የዜማ መጽሐፉ እንደሚለው ነፍተህ ሜዳሊያውን ስትወስድ፣ «የአያቶችህን ደም ለዳኞች ሸጥክ!» ያለህ ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ። እሱማ በዚያችው ሙሾ ስንቴ ከውድድር ወደቀ! ዜማዋ መጨረሻ ላይ ዝቅ ማለት ሲገባት እሱ ሽቅብ አውጥቶ ያስጮኻታል። ዳኞቹ ተሳሳትክ ይሉታል፤ እሱ ደግሞ አያቴ በአፉ እያዜመ ያስተማረኝ እንዲህ ነው፣ እውነተኛው ማክቶርላን እኔ ነኝ ብሎ ድርቅ።

ማክሰኞ ለት አዲስ አስታማሚ መጣችልን። ኤፊ ማክሩአን ትባላለች፤ ከማዶ ደሴት ነች።

«ማክሩአን?» አለ አባታችን። «የጠላት ልጅ አንሶላዬን ልታነጥፍ?»

«የእርስዎ ሰዎች ድሮ የኛን ሰዎች ባሕር ዳር ሲጨርሷቸው አንሶላም አላነጠፉላቸው። ይልቅ ዞር ይበሉ» አለችው። እዚያው ወደድኳት።

ትራሱን እያስተካከለች ማንጎራጎር ጀመረች። ቶርኪል ሙት፣ ያችው ሙሾ! መጨረሻዋ ላይ ሽቅብ ወጥታ ጮኸች፤ ልክ እንደሱ። አባታችን እጇን ቀብ አደረጋት።

«ይቺን ከየት አመጣሻት?»

«እናቴ ላም ስታልብ ትላት ነበር። ባሕር ዳር ላለቁት ለኛ ሰዎች የወጣች ሙሾ ናት።»

«የማክቶርላን ናት!»

«የእርስዎ ሰዎች ዜማዋን ወስደው ለራሳቸው አለቃ አለቀሱባት። ጩኸቷን ግን ቆርጠው ጣሉት። ለእርስዎ ከነጩኸቷ ማን አስተማረዎት?»

«አያቴ። እሱን እናቱ።»

«እንግዲያው እናቱ የኛ ልጅ ነበረች» አለችና ሻይ ልታፈላ ወጣች።

ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ሰማንያ ዓመት ማክቶርላን ነኝ ብሎ ደረቱን ነፍቶ የኖረ ሰው! በቃ፣ ይኼ ይገድለዋል ብዬ ፈራሁ። በኋላ ገባ ብዬ ሳየው ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ሳል መስሎኝ ነበር፤ ለካ ይስቃል።

«ኢሽቤል» አለኝ፣ «ልጁ የማክቶርላንን በትክክል ነፋ። እኔም የማክሩአንን በትክክል ነፋሁ። ዳኞቹም ልክ ነበሩ፣ የተረገሙ! ታዲያ እኔና እሱ የተጣላነው በምንድን ነው?» ከዚያ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ፤ ድካሙም ታክሎበት።

እንግዲህ ስማኝ። ያቺን ጩኸት በአፉ ሊያስተምርህ ይፈልጋል። እኔን አስተምረኝ ብለው «አንቺማ ጆሮ የለሽም» አለኝ፤ የልፋቴ ዋጋ ይኸው! ድምፁ ብቅ የሚለው ጠዋት ብቻ ነው፤ እሱም እየሳሳ ነው። ለቀብሩ እደርሳለሁ ብለህ እንዳትቀመጥ፤ ያኔ ማን ሊያስተምርህ ነው? አሁን ና።

እህትህ ኢሽቤል