የጓሮው ካሜራ ለምን ጨለመ

ለምወድህና ለምሳሳልህ ወንድሜ፣ ለወንድም ጋሼ፤

ከሁሉ አስቀድሞ እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ ወገብህን የሚይዝህ ነገር ለቀቀህ ወይስ አሁንም ጎንበስ ባልክ ቁጥር ያስጮህሃል? ባለቤትህ ደህና ናት? ሚጣስ የወለቀው ጥርሷ በቀለላት? ማሙሽ አፉን ፈታ? እኛ ካንተ ናፍቆት በቀር የጎደለብን የለም። አባባም ደህና ናቸው። የሳቸውን ነገር ረጋ ብዬ አጫውትሃለሁ፤ ወረቀትና እስክሪብቶ ያስነሣኝም እሱ ነው።

"ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው?" እንደምትል አውቃለሁ። ያንተ ስልክ ሲጮህ እኮ ቤቱ ሁሉ ይሰበሰባል። እማዬ "ድምፁን ከፍ አድርጊው" ትላለች፤ ጎረቤት ሳይቀር ሰላም ሊልህ ይሰለፋል። ይሄ ደግሞ በጉባኤ የሚነገር ነገር አይደለም።

ሦስት ሳምንት ሙሉ "አራተኛው ካሜራ ለምን ጨለማ ሆነ?" እያልክ ስትጠይቀኝ፣ አንዴ ገመዱ ነው፣ አንዴ ዝናቡ ነው እያልኩ ዋሽቼሃለሁ። ይቅር በለኝ። ካሜራው ምንም አልሆነም። ነገሩን ከሥሩ ልንገርህ።

ሌባ የውሃ ፓምፑን ነቅሎ ከሄደ በኋላ የላክኸው የካሜራ ካርቶን የደረሰ ዕለት፣ እማዬ ዕቃውን አንድ በአንድ አልጋ ላይ ደርድራ "ይሄ ሁሉ ዓይን ለአንድ ግቢ?" አለች። ባለሙያ ጠርተን ነበር፤ "ነገ እመጣለሁ" እያለ ሁለት ሳምንት አንከራተተን። ቢቸግረኝ ራሴ ገባሁበት። የሙሽራ ቀሚስ የሚሰፋ እጅ ገመድ አያቅተውም ብዬ።

ራውተሩን እንዳልከኝ ሳሎን ቁም ሳጥኑ ላይ አስቀመጥኩት፤ የምስል መቅጃውን ከጎኑ። የውጭው በር፣ የስፌት ክፍሌና የጎን መተላለፊያው ካሜራ ወዲያው ሠሩ። የጓሮው ግን አስቸገረኝ። ያ ወፍራም ግድግዳ ዋይፋዩን እየዋጠው ምስሉ ድርቅ ይላል፤ ዶሮዋ አንድ እግሯን እንዳነሣች ትቀራለች። ስለዚህ ገመድ መሳብ ግድ ሆነ። ግድግዳውን በስቼ፣ በጣሪያው ሥር አሳልፌ፣ ጫፉን ብከፍተው ስምንት ቀጫጭን ሽቦ፣ እያንዳንዱ የየራሱ ቀለም። ነጭና ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭና አረንጓዴ፣ ሰማያዊ እያለ በተራው ካልገባ አይሠራም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው አሉ የሚያለቅሰው። እኔ ግን ዕድሜዬን ሙሉ ክር ስለይ ኖሬ የለ፤ ባንድ ሙከራ ገባልኝ። ከፋብሪካ ይዞት የመጣውን የይለፍ ቃልም ቀየርኩ። እማዬ "እንዳልረሳው በስሜ አድርጊው" ብትለኝ "ያንቺን ስምማ ሌባውም ያውቀዋል" ብያት ስትስቅ ዋለች።

በማግስቱ፣ መቅጃው መያዝ አለመያዙን ለማየት የጠዋቱን ምስል ወደ ኋላ መለስኩት። እማዬ ገበያ የሄደችበት፣ እኔም ልብስ ለደንበኛ ላደርስ የወጣሁበት ሰዓት ነው። ጓሮው ባዶ ነበር። ከዚያ የኋላው በር ተከፈተና አባባ ወጡ። ብቻቸውን።

ያ በሽታ ግራ ጎናቸውን ከመታቸው ወዲህ ከአልጋ ወደ ወንበር የሚያልፉት እኔና እማዬ ግራና ቀኝ ደግፈናቸው መሆኑን ታውቃለህ። ሐኪሙ "በየቀኑ መለማመድ አለባቸው" ሲል "በቃኝ፣ አትነካኩኝ" ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ተስፋ ቆረጡ ብለን አልቅሰን ነበር። እኒያው አባባ የልብስ ማስጫውን ገመድ በቀኝ እጃቸው ጨብጠው፣ ግራ እግራቸውን እንደ ጆንያ እየጎተቱ አምስት እርምጃ ሄዱ። ቆሙ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ የሚቆጥሩ ይመስለኛል። ዞረው ተመለሱ። ከዚያ እንደገና ጀመሩ።

አንተ ደውለህ "እኔም ከዚህ ልይበት" ያልከኝ ያን ዕለት ነው። ሦስቱን ከፈትኩልህ፤ አራተኛውን ዘጋሁት። ለምን እንደሆነ ያኔ ለራሴም አልገባኝም። ብቻ የሰው መኝታ ቤት በቁልፍ ቀዳዳ ያየሁ ያህል አፈርኩ።

እኔ ግን ማየቱን አልተውኩም። ጠዋት ጠዋት ስልኬን ስፌት መኪናዬ ላይ አስደግፌ ሳያቸው፣ ጨርቁን ትቼ ጣቴን ልሰፋ ምንም አልቀረኝ። ባለፈው ሳምንት መዞሪያው ላይ ደርሰው ገመዱ ከእጃቸው አመለጠና ወደቁ። በየት በኩል እንደወጣሁ አላውቅም። ስደርስ መሬት ላይ ተቀምጠው ጉልበታቸውን ያራግፋሉ። እኔን አዩ፤ ቀጥለው ጣሪያው ሥር ያለውን ካሜራ አዩ።

"እሱ ነው የነገረሽ?" አሉኝ።

አዎ አልኳቸው።

"ልጁም ያየኛል?"

"አያይዎትም፤ ዘግቼበታለሁ" ስላቸው በረጅሙ ተነፈሱ። ላነሣቸው ብጠጋ "ተይኝ፣ መነሣቱንም ልልመደው" አሉኝ። ግድግዳውን ተደግፈው ተነሡ። ስንት ደቂቃ እንደፈጀባቸው አልነግርህም። እኔ እጆቼን ወደ ኋላ አጣምሬ ቆምኩ። ወንድም ጋሼ፣ ከዚያ የከበደ ሥራ በዕድሜዬ ሠርቼ አላውቅም።

ከዚያ ተደራደርን። እሳቸው ሲወጡ ሊነግሩኝ፣ እኔም የስፌት መኪናዬን አቁሜ፣ ቢወድቁ እንድሰማ ጆሮዬን ልሰጣቸው ተስማማን። ስላንተ ደግሞ እንዲህ አሉ፦ "ልጄ ሲመጣ በሩን የምከፍትለት እኔ ነኝ። እስከዚያ እንደ ሕፃን ስድህ እንዲያየኝ አልፈልግም። በወሬ ይስማው፤ ጻፊለት። በዓይኑ የሚያየው ስጨርስ ነው። ለእናትሽ ግን ትንፍሽ እንዳትይ፤ ከሰማች አልጋው ላይ ትቸነክረኛለች።"

ይኸው ጻፍኩልህ። ግን አላለቀም።

ትናንት እማዬ ከገበያ ስትመለስ ዘንቢሉን ተቀበልኳት፤ ውስጡ አራት ራስ ሽንኩርት ብቻ። "ለዚህ ነው ሁለት ሰዓት የፈጀሽው?" ብዬ ሳቅኩባት። ወደ ቤቱ ገልመጥ አለችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "ምን ላድርግ፣ ሰውዬው ጓሮውን ለብቻው ይፈልገዋል" አለችኝ።

ለካ ካሜራው ከመምጣቱም በፊት ታውቃለች! የነጠላ ጫማቸው ሥር አፈር ይዞ አይታ ነው። የልብስ ማስጫውን ገመድ ዝቅ አድርጋ አጥብቃ ያሰረችው እሷ ናት፤ መንገዱ ላይ ያለውን ጠጠር የለቀመችውም እሷ። ገበያዋን በሩብ ሰዓት ጨርሳ፣ ሰዓቱ እስኪሞላ ጎረቤታችን ጡረተኛዋ መምህርት ደጃፍ ተቀምጣ ትጠብቃለች። "እንዳወቅሁ ካወቀ ያፍርና ይተወዋል፤ እኔ ባሌን አውቀዋለሁ" አለች። ቀጠል አድርጋም "እኔ ግን ገመድ አልሳብኩም፣ ግድግዳም አልበሳሁም" ብላ አሾፈችብኝ።

እንግዲህ ባልና ሚስት አንዱ ላንዱ ሲሉ ተደባብቀዋል፤ እኔ መሐል ሆኜ የሁለቱንም ተሸክሜያለሁ። አንተም ተጨመርክ። አደራህን፣ ስትደውል አፍህ እንዳያመልጥህ። ስለ ጨለማው ካሜራ መጠየቅህንም አታቁም፤ ዝም ካልክ እማዬ አንተም እንደሰማህ ትነቃብናለች።

ዛሬ ጠዋት አባባ ገመዱን ለቀው ሰባት እርምጃ ሄዱ። ከሳሎኑ ደጃፍ እስከ ውጭው በር በሳቸው እርምጃ ሠላሳ አንድ ነው፤ በሜትሬ ለክቼዋለሁ።

ለባለቤትህ ናፍቆቴን አድርስልኝ፤ የላከችልኝ መቀስ እንደ ምላጭ ነው በላት። ሚጣን ጉንጯን፣ ማሙሽን እግሩን ሳምልኝ። እማዬ "ካፖርትህን ቆልፍ" ትልሃለች። መምህርቷ ሰላም ብላሃለች። አባባ "ደህና ነኝ በይው" ብለው ወደ ጓሮ ወጥተዋል።

የምትመጣበትን ቀን ቁርጡን ንገረን። መጥተህ ስታንኳኳ በሩ ቶሎ ካልተከፈተ፣ ሰው የለም ብለህ እንዳትመለስ፤ ደግመህም እንዳታንኳኳ። ዝም ብለህ ቁም። እየመጡ ነው።

የምትወድህ እህትህ
ከቤታችን፣ ከስፌት ክፍሌ
ኅዳር 14 ቀን