ድምፁን አጥፍቼ ሳየው

ታናሽ እህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ቁርጭምጭሚትሽስ? ብርድ ሲነካው አሁንም ያስነክስሻል ወይ? እኔ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደክሞኛል እንጂ አላመመኝም። እናታችንም ደህና ናት፤ ጉንጯን ሳሚልኝ ብላለች።

ስላንቺ የተሠራውን ዘጋቢ ፊልም እዚህ መካነ ሰላም ያላየው ሰው የለም። አዳራሽ ውስጥ ሲያሳዩት እኔም ከእህል ተራ ሴቶች ጋር ሄድኩ። ደሴ ላይ በዚያ የሩጫ ውድድር ቁርጭምጭሚትሽ ተጎድቶ እያነከስሽ ስትዞሪ ዋሽንቱ ገባ፤ አዳራሹ በሙሉ አለቀሰ። ከዚያ አንቺ፣ በርቺ የሚል ድምፅ ሰምቼ ነው ያላቋረጥኩት ስትዪ ከበሮው ተነሣ፤ ወዲያው የአሠልጣኝሽ የክንፈ የተከፈተ አፍ መጣ። ቀጥሎ ክራር ነው፦ እኔ ከሜዳው ዳር ቆሜ ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ ሳለቅስ። ጎኔ የተቀመጠችው ይርገዱ ክንፈን ጭራቅ አለችው። እኔን ደግሞ ትከሻዬን ስማ፣ አንቺስ እህት አይደለሽም፣ እናቷ ነሽ አለችኝ።

ሃያ ዓመት እህል ነግጃለሁ። ምርጡ ስንዴ ከጆንያው አፍ ላይ ከታየኝ እጄን ወደ ታች ሳልሰድ አልገዛም። ፊልሙን ስልኬ ላይ አስጫንኩና ድምፁን አጥፍቼ አየሁት። ከበሮው ሲጠፋ ክንፈ ጭራቅ አይመስልም። ሁለት እጁን ወደ ሜዳው ዳር እየሳበ ይለምንሻል። ክራሩ ሲጠፋ እኔም የፈራች ሴት ነኝ፣ ሌላ ምንም አይደለሁም።

የቀን ማስታወሻዬን ገለጥኩ። የዚያን ዕለት የጻፍኩት ይህን ብቻ ነው፦ «ክንፈ፣ አፈር ስሆን ውጪ አላት። እኔ በርቺ አልኳት። የኔን ሰማች።»

አሁን ወላጆች፣ በታመመ እግሯ አስሮጣት ብለው፣ ልጆቻቸውን ከልምምድ አስቀርተውበታል። እሱ የካሳ ሻይ ቤት ሲገባ ሰላምታውን የሚመልስለት የለም። ማክሰኞ ቤቱ ብሄድ ዕቃውን ሲያስር አገኘሁት፤ ወደ አቀስታ ሊሄድ ነው። እኔ ነኝ በርቺ ያልኳት ብዬ ለሰው ልናገር ነው አልኩት። ሳቀብኝ። እትዬ፣ እርስዎ ዋሽንት የለዎትም፣ ማን ይሰማዎታል? አለኝ። ገመዱን ካጠበቀ በኋላ ግን ቀና ብሎ፣ ልጅቱስ ታውቃለች ወይ? ብሎ ጠየቀኝ።

ማታውኑ ፊልሙን ደግሜ አየሁት። የማን ድምፅ ነበር ብለው ሲጠይቁሽ ዝም የምትዪበት ቦታ አለ። እዚያ ላይ ዋሽንቱን ከፍ ያደርጉታል፤ ሰውም ሕመሙ ትዝ ብሏት ነው ይላል። ያለ ዋሽንቱ ግን አንገትሽን ደፍተሽ የቀሚስሽን ጫፍ ስትጠቀልዪ ብቻ ነው የሚታየው። ማድጋ የሰበርኩ ጊዜ እናታችን ማነው ብላ ስትጮህ እንደዚያ ነበር የምታደርጊው።

እሑድ ሰንበቴ ላይ፣ ሰው ጠላውን ሳይጀምር፣ ተነሥቼ እናገራለሁ። እናታችንም ትሰማለች። የሚሆነውን ችያለሁ። ካንቺ የምለምነው አንድ ነገር ነው፦ ለክንፈ ደውዪለት። እኔን መሸፈኑ ይብቃሽ።

እግርሽን ይማርልሽ። መንገድሽን ያቅናልሽ፤ ካሰብሽበት ያድርስሽ፣ በእርምጃም ቢሆን።

በርቺ ያለችሽ
እህትሽ