የከለከልኩሽ እልልታ

እማዬ፣

ከተለየሽን ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ሰንሻይን ዌስት ሰፈር ያለው ቤትሽ እንዳለ ነው። ጓሮ የተከልሽው ጎመን ግን ደርቋል፤ ሰነፏን ልጅሽን ታውቂያት የለ።

ያ ባሌ የነበረው ሾን ሌላ አግብቶ ፖይንት ኩክ የሚባል ሰፈር ገባ። በዚያኛው ሠርጉ ለሙሽራዋ መጀመሪያ ደስታ የተመኘላት ወንድ እንደነበር አልጠራጠርም። እናቱ በዚህ ቀልድ አታውቅም።

አየርላንዳዊቷ አማቴ ትዝ ትልሻለች? በሠርጋችን ዋዜማ ዝናብ እንዳይመጣ ብላ የሕፃኑን ኢየሱስ ሐውልት ቁጥቋጦ ሥር ያቆመችው፣ አንቺም በመስኮት እያየሽ በልሳን የጸለይሽባት። በእነሱ ወግ ሙሽራዋ ተጋብታ ከቤተ ክርስቲያን ስትወጣ መጀመሪያ እንኳን ደስ ያለሽ የሚላት ወንድ መሆን አለበት፤ ሴት ከቀደመች ትዳሩ አይቀናም። የሾን አጎት ለዚህ ተብሎ በር ላይ ቆሞ ነበር። ለአንቺ ግን ማንም አልነገረሽም። ገና ደጃፉን ሳልረግጥ እልልታሽ አስተጋባ። ሰውዬው እጁን እንደዘረጋ ቀረ፤ አማቴ አመድ መሰለች።

ከዚያ ወዲያ ሲያስወርደኝ ለእነ አማቴ ሰበቡ እልልታሽ ሆነ። ሾን ከሥራ ሲወጣም እልልታሽ። እኔ የተማርኩት እስቅባቸው ነበር። ጥሎኝ የሄደ ጊዜ ግን ልታጽናኚኝ ብትመጪ፣ ትዳሬን ያፈረሰው ያንቺ አፍ ነው አልኩሽ። ሌላ ሴት እንደያዘ እያወቅሁ! እሱን መውቀስ አቃተኝና መልስ የማትሰጠኝን አንቺን መረጥኩ።

እውነትም አንድ ቃል አልመለስሽም። መልስሽን ያየሁት በእህቴ በሳራ ሠርግ ነው። ሆፐርስ ክሮሲንግ፣ የሐበሻ ሠርግ፣ አንድም አየርላንዳዊ በሌለበት። ሴቶቹ እልልታውን ሲያቀልጡት አንቺ ከኋላ ቆመሽ፣ ነጠላሽን በእጅሽ አፍሽ ላይ ይዘሽ ነበር። ሟርት በጌታ ስም ስትገሥጪ የኖርሽ ሴት፣ ምናልባት እውነት ቢሆንስ ብለሽ ለሳራ ፈራሽ። አየሁሽ። መጥቼ ያን እጅ ማውረድ ስችል እንግዳ ሳስተናግድ ዋልኩ። ከሠርጉ በሦስተኛው ወር ሞትሽ።

ባለፈው ሳምንት ሳራ ሴት ልጅ ወለደች። ሦስት እልልታ ይገባት ነበር። ታላቅ ነኝና ሁሉም ወደ እኔ አየ። አፌን ከፈትኩ፤ አልወጣልኝም። ሳራ እንባዬ የደስታ መሰላት፤ እኔም እንዲያ ይምሰላት ብዬ ሕፃኗን ታቀፍኩ።

እማዬ፣ እልልታሽን አስታውሳለሁ ብዬ አልዋሽሽም፤ ድምፁ እየራቀኝ ነው። እስክሞት የማልረሳው አፍሽ ላይ ያስቀመጥኩትን እጅሽን ነው።

የበኩር ልጅሽ