ከርነሉ ውስጥ ያገኘሁት ሰልፍ

እሑድ፣ ጠዋት 3 ሰዓት
ሰርቨሩ ዛሬም ተንቀረፈፈ። መ/ቤቱ በሙሉ ጣቱን የቀሰረው በእኔ ፕሮግራም ላይ ነው። እስከ ሐሙስ ስብሰባ ካልተስተካከለ ፕሮግራሜ ከሰርቨሩ ይነሣል፤ የስምንት ወር ልፋቴ! ማስታወሻዬ፣ አልለቅም። የትእዛዝ መጻፊያውን ጥቁር መስኮት ከፍቼ ፐርፍ የሚባለውን መለኪያ አስጀመርኩት። የስርዓተ ክወናውን እምብርት፣ ከርነሉን፣ በየቅጽበቱ እያየ ጊዜው የት እንደሚባክን ይመዘግባል። ይመዝግብ።

ሰኞ፣ 8 ሰዓት
አገኘሁት! የእኔ ፕሮግራም ንጹሕ ነው። ጥፋቱ ከርነሉ ውስጥ፣ ዲስኩን የሚያሠራው ድራይቨር ላይ። ፕሮሰሰሮቹ ሁሉ አንድ ቁልፍ ይጠብቃሉ፤ እዚህ እስራኤል፣ ሐደራ ገበያ ውስጥ ዓርብ ዕለት አንድ ሚዛን ፊት እንደሚሰለፍ ሰው። ከወንበሬ ዘለልኩ። ከዚያ ድራይቨሩን የጻፈውን ሰው ስም አየሁ። ግሪሻ። አለቃችን፣ ሽበታሙ፣ ሥራውን ያስተማረኝ ሰው። ቀዘቀዝኩ።

ማክሰኞ፣ 10 ሰዓት
ቤት እንደተማርኩት አደረግኩ። ትልቅ ሰው በሰው ፊት አይታረምም። ግሪሻን ኮሪደር ላይ ለብቻው ጠራሁት። አንገቴን ደፍቼ፣ ምናልባት ድራይቨሩንም አብረን ብናየው እያልኩ ዙሪያውን ዞርኩ። እሱ ግን ጥፋቴን ያመንኩ መሰለው! አይዞሽ ብሎኝ ሄደ። ከምሳ በኋላ፣ ፕሮግራሙ እንዲነሣ ተስማምታለች ብሎ ለሁሉም ጻፈ። የገዛ አንደበቴ ጉድ ሠራኝ። ተናድጃለሁ፤ በራሴ።

ረቡዕ፣ 11 ሰዓት
ነቬ ሐይም ሰፈር፣ አባባ ቤት። የሆነውን ነገርኳቸው። አገር ቤት ሽማግሌ ሆነው ሰው ያስታርቁ ነበር፤ ታገሺ ይሉኛል ብዬ ስጠብቅ ተቆጡ። «ዓቮዳ፣ ሥራ ቦታ ላይ ሰውዬው ሲሳሳት እያየሽ ዝም ካልሽው አከበርሽው ይባላል? ተይ እንጂ! ያሻር፣ ቀጥ አድርገሽ ንገሪው፣ ሳትጠማዘዢ።»

ሐሙስ፣ 7 ሰዓት
ዛሬ ጠዋት በሙከራው ማሽን ላይ ቁልፉን ከፋፈልኩት፤ ለእያንዳንዱ ፕሮሰሰር የራሱ። ፐርፍን ደገምኩ። ሰልፉ የለም!

ስብሰባው ላይ ሁለቱንም ውጤት ግድግዳው ላይ አሳየሁ። ጥፋቱ የግሪሻ ድራይቨር ላይ ነው፣ አርሜዋለሁ አልኩ። ዓይኔ አልወረደም። ግሪሻ ድገሚው አለኝ። ደገምኩት። ማክሰኞ ለምን አልነገርሽኝም አለ። ነግሬህ ነበር፣ በእኛ ቤት ወግ፣ ዙሪያውን እየዞርኩ አልኩት። መጀመሪያ ፊቱ ቀላ፤ ቆይቶ ሳቀ።

ፕሮግራሜ አይነሣም። ማረሚያው በስሜ ይገባል። እሑድ ፐርፍን ለቡድኑ እንዳስተምር ጠይቆኛል፤ እሱም ተማሪ ሆኖ ሊቀመጥ። ኮርቻለሁ! ማስታወሻዬ፣ ለአንተ ካልነገርኩ ለማን? ወስኛለሁ፤ አስተምራለሁ፣ ጮክ ብዬ።