ፊቴ ከሦስተኛው መስኮት ስለመነሣቱ የቀረበ ምስጋና

ይድረስ ለክቡር የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ሦስተኛ ፎቅ፣ ምንጣፍ ያለበት ክፍል

ጉዳዩ፦ ለዕድሜዬ ስለተደረገው እንክብካቤ ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ኃላፊ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ክቡርነትዎ እንደምን ሰንብተዋል? ደረጃ ሲወጡ የሚያስቸግርዎትን ጉልበትዎን፣ ረጅም ስብሰባ የማይወደውን ወገብዎን፣ በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ ከሰዓት እንደ አዲስ የሚጠቁረውን ጠጉርዎን ሁሉ ደኅና ያድርግልኝ እያልኩ በታላቅ አክብሮት እጅ እነሣለሁ። እኔ ከመሬት በታች ባለው መዝገብ ቤት፣ ከፀሐይ ብርሃን በቀር ምንም ሳይጎድልብኝ፣ በደኅና እገኛለሁ።

ከሥራዎ ብዛት የተነሣ ካላስታወሱኝ፣ እኔ በሦስተኛው መስኮት ሃያ ሦስት ዓመት የተቀመጥኩት ሠራተኛ ነኝ። ከአርባ ቀን በፊት «የገጽታ ግንባታ» በሚል ርእስ በፈረሙት ደብዳቤ ከመስኮቱ ተነሥቼ ወደ መዝገብ ቤት እንድወርድ ሲያዙ፣ ከወንበርዎ ብድግ ብለው፣ «እርስዎ እኮ ብዙ ለፍተዋል፤ አሁን ጥላ ይዘው አረፍ ይበሉ፣ ባለጉዳዩን ደግሞ ትኩስ ፊት ይቀበለው» ማለትዎን ከነድምፅዎ አስታውሳለሁ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ «በፈቃደኝነት ከጊዜ በፊት ጡረታ መውጫ» የሚል ቅጽ፣ ከፊርማዬ በቀር ሁሉ ነገሩ ተሞልቶ፣ እስከ ዓርብ እንድመልሰው ተልኮልኛል። ፈቃደኛ መሆኔ እንኳ ቀድሞ ተሞልቶልኛል። ዕድሜዬ ሃምሳ አንድ ነው።

ይህን ሁሉ ደግነት ፊት ለፊት ቀርቤ ላመሰግን ሦስት ጊዜ ወደ ቢሮዎ ብወጣ፣ ጸሐፊዎ ሦስቱንም ጊዜ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ስላለችኝ፣ በሦስተኛውም ጊዜ ሲስቁ በበሩ ስለሰማሁ፣ ስብሰባው የደስታ መሆኑን ተረድቼ ላለማቋረጥ ስል ይህን ደብዳቤ በመግቢያው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፌዋለሁ። ምስጋናዬ ብዙ ስለሆነ እንዳይምታታብዎ በተራ ቁጥር አቅርቤዋለሁ።

አንደኛ፦ ስለ ሽበት። ሽበት ሁለት ዓይነት መሆኑን ከእርስዎ አመራር በፊት አላውቅም ነበር። የተከበሩ ምክትልዎ ጠጉራቸው ጥጥ የመሰለ በመሆኑ «ግርማ ሞገስ አላቸው» ተብሎ ፎቶግራፋቸው በአዲሱ በራሪ ወረቀታችን ሽፋን ላይ ወጥቷል፤ ይገባቸዋልም። በዚያው ሳምንት ግን የእኔ ከግንባሬ በላይ ያለች አንዲት ዘለላ «ራስን አለመጠበቅ» ሆና በስብሰባ ላይ ተነሥታለች። የሰው ሀብት ኃላፊዋ በኋላ ወደ ጥግ ወስዳኝ፣ «እትዬ፣ ትንሽ ቀለም ቢጤ ብትነኪው ምናለበት?» ብላኛለች፤ ለመልካም አስባ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ነክቼው እንደነበር፣ ራሴን እያሳከከኝ እንደተኛሁ፣ አንድ ቀን ጠዋት በመስታወት ፊት «ለማን ብዬ ነው?» ብዬ እንደተውኩት ግን አልነገርኳትም። ለእርስዎ ነግሬዎታለሁ፤ በዚህ መሥሪያ ቤት የጠጉር ቀለም ችግር የሚገባው ሰው ካለ እርስዎ ነዎት።

ሁለተኛ፦ ስለ በር ጥበቃው። ይህ ሰው ለሃያ ዓመት ቦርሳዬን እየፈተሸ «እህቴ፣ ምን ይዘሻል?» ሲለኝ ኖሯል። ከተዛወርኩ በሁለተኛው ሳምንት ግን ቦርሳዬን ሳያየው፣ እኔንም ሳያየኝ፣ እጁን አወዛውዞ «እለፊ እናቴ» አለኝ። ከእኔ በሦስት ዓመት ይበልጣል። ያለ ውድድርና ያለ ደብዳቤ ከእህትነት ወደ እናትነት ያሳደገኝን ይህን አሠራር ባመሰግንም፣ የጽሕፈት ቤቱን ክብ ማኅተም በቦርሳዬ ከትቼ ብወጣ የሚጠይቀኝ አለመኖሩን ግን ለጸጥታው ሲባል ማሳወቅ ግዴታዬ ነው። አሁን ይህን ስጽፍ እስቃለሁ። በዚያን ዕለት ግን አልሳቅሁም፤ ደረጃው ላይ ቆሜ አልቅሻለሁ፣ በማልቀሴም አፍሬአለሁ። ሌባ ትሆናለች ተብላ እንኳ የማትጠረጠር ሴት መሆን እንዲህ ያማል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ሦስተኛ፦ የጽሕፈት ቤታችን ሠላሳኛ ዓመት ሲከበር ለቡድን ፎቶግራፍ ስለመጠራቴ። «እንዳያማህ ጥራው፣ እንዳይበላ ግፋው» እንደሚባለው፣ መጀመሪያ ከኋላ ረድፍ ሆንኩ፤ ቀጥሎ ረዥሙ ሹፌር ከፊቴ ቆመ፤ በመጨረሻ «እስቲ አንድ ጊዜ ቦርሳዎቹን ያዙልን» ተባልኩ። ፎቶግራፉ ያማረ ወጥቷል። ከዳር በኩል ስድስት ቦርሳ የያዘ አንድ ክንድ ይታያል፤ የእኔ ነው።

አራተኛ፦ በቦታዬ ስለተቀመጠችው ልጅ። ሃያ አራት ዓመቷ ነው፣ የልጄ እኩያ። በእሷ ላይ አንዳች ቅሬታ የለኝም፤ እጅ ጽሑፏ ያምራል፣ ሰው ታከብራለች፣ ከሁሉም በላይ የማታውቀውን አላውቅም ትላለች፤ ይህ ደግሞ ከፎቅ እየወጡ ሲሄዱ የሚጠፋ ጠባይ ነው። በመጀመሪያው ቀን ወደ መዝገብ ቤት የሚያወርደውን ሃያ ሁለት ደረጃ ሰባት ጊዜ ወረደች። «እትዬ፣ የእንጀራ አባት በየትኛው ዓምድ ነው የሚገባው?» «እትዬ፣ መንታዎቹን ማን ቀደመ ብላቸው እናትና አባት መስኮቱ ላይ ተጣሉ!» «እትዬ፣ አንድ ሰውዬ የሞተ ተብዬ ተመዝግቤአለሁ፣ አንሡኝ እያለ ይጮሃል።» እኔም እንደ አቅሜ የእንጀራ አባቱን አስገባሁ፣ መንታዎቹን አስታረቅሁ፣ ሰውየውንም ከሞት አስነሣሁ። ክቡርነትዎ «ትኩስ ፊት» ሲሉ ትኩሱ ፊት ላይ ታች ሲሮጥ የሚያልበውን ላብ ጨምረው መሆኑን ያን ቀን ተረዳሁ።

በሁለተኛው ሳምንት ግን ልጅቱ ምንም ሳትጠይቀኝ መጥታ ከጎኔ ካርቶን ላይ ተቀመጠች። መደርደሪያዎቹን እያየች፣ «እትዬ፣ እኔስ መቼ ነው የምወርደው?» አለችኝ። መልሱ በእርስዎ እጅ ስለሆነ፣ ከተመቸዎ ዓመቱን ቢጽፉላት፣ ልጅቱ ከወዲሁ ሹራብ ትገዛለች፤ መዝገብ ቤቱ ይቀዘቅዛል።

አምስተኛ፦ ይህን ያለ ፌዝ ልጽፈው ነው፤ ይቅር ይበሉኝ። የዛሬ ሦስት ሳምንት አንዲት ሴት የባሏን ሞት ልታስመዘግብ መጣች። ልጅቱ ቅጹን እንደተጻፈው ከላይ ወደ ታች ጠየቀቻት፤ ያጠፋችው ነገር የለም። «የትዳር ሁኔታ?» ስትላት ሴትዮዋ «ያገባሁ» አለች። «እሱ አይሆንም፣ ባል የሞተባት ነው የሚባለው» አለቻት። ሴትዮዋ ከሰልፉ ወጥታ ጥበቃውን «እዚህ የነበረችው ትልቋ ሴትዮ የት ሄደች?» ብላ ጠየቀች፤ ግድግዳውን እየተደገፈችም ወደ እኔ ወረደች። ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት ጋብቻቸውን የመዘገብኩት እኔ ነበርኩ፤ ባሏ ሊፈርም ሲል በመዝገቡ ላይ ቀለም ማፍሰሱን ሁለታችንም አልረሳነውም። ወንበሬን ለቀቅኩላት። «አንቺ ጻፊልኝ» አለች።

ክቡር ሆይ፣ እኔ ያንን ዓምድ ከብዙ ዓመት ወዲህ መጨረሻ ላይ ነው የምሞላው። መጀመሪያ ስለ ሟች እጠይቃለሁ፤ ምን ይሠራ ነበር፣ የት ተወለደ፣ ስንት ልጅ አለው። ሰው ስለ ሞተበት ሰው እያወራ ሳለ ቀስ ብሎ እዚያ ይደርሳል፤ ያኔ «ባል የሞተባት» ብዬ ሳልጠይቅ እጽፋለሁ፣ እሷም እያየች ትፈርማለች። ይህ በየትኛውም መመሪያ አልተጻፈም። እኔም በሃያ ስምንት ዓመቴ ሥራ ስጀምር አላውቀውም ነበር፤ ያኔ ስንቱን በመስኮቱ ፊት አስለቅሼ እንደላክሁ ሳስበው እስካሁን ያሳፍረኛል። የተማርኩት በመሸምገል ነው። እንግዲህ እርስዎ ከመስኮቱ ያነሡት ይህንን ነው፤ መጨማደድ ብቻ መስሎዎት ከሆነ ተሳስተዋል።

በማግሥቱ በደረጃው አናት ላይ «ከሠራተኛ በስተቀር መውረድ በጥብቅ የተከለከለ ነው» የሚል ሰሌዳ ተሰቀለ። ፊደሉ ትልልቅ በመሆኑ ዓይኔ የደከመ መስሏቸው ላዘኑልኝ ሁሉ አመሰግናለሁ።

ስድስተኛ፦ ስድስተኛውን ረስቼዋለሁ። በዕድሜ ነው እንዳይሉ፤ በንዴት ነው።

ከዚህ በላይ የተዘረዘረውን ውለታዎን እንዴት እንደምከፍል ሳወጣ ሳወርድ ሰንብቼ የሚከተለውን ወስኛለሁ። ቅጹን አልፈርምም። ንጹሕ ወረቀት ስለሆነ ጀርባውን ለልጅቱ ሰጥቻት የእንጀራ አባትን፣ የመንታንና የመሳሰለውን አመዘጋገብ ጽፋበታለች። ለቅሬታ ሰሚ ኮሚቴው ትናንት አመልክቼ የገቢ ቁጥር ተቀብያለሁ። ሰኞ ጠዋት ልክ በሁለት ሰዓት ደግሞ በሦስተኛው መስኮት እገኛለሁ። መስኮቱ ሁለት ወንበር ይችላል፤ በሜትር ለክቼዋለሁ፣ ልጅቱም ጫፉን ይዛልኛለች። እሷ በኮምፒዩተሩ፣ እኔ በሰዉ በኩል እንሆናለን፤ እሷ እኔ የማላውቀውን ታሳየኛለች፣ እኔም እሷን እንዲሁ። የጥበቃ ኃይል ልከው ሊያስነሡኝ ቢፈልጉ መብትዎ ነው፤ ያኔ ግን ጥበቃው የግድ ሊያየኝ ነው፣ እሱም ለእኔ ትንሽ ነገር አይደለም።

ለዚሁ ቀን ኮት አሰፍቻለሁ። ልብስ ሰፊው ጨርቁን ሳሳየው መነጽሩን አውልቆ፣ «ቀይ? ቡኒ ቢሆን አይሻልም? ለእርስዎ ለትልቅ ሰው ይከብዳል» አለኝ። ቡኒ ለብሼ ዐሥር ዓመት ከግድግዳ ጋር ተመሳስዬ መኖሬን አስረድቼው፣ አዝራሩንም ትልልቅ እንዲያደርገው አዘዝኩት። ልጄ ኮቱን አይታ መጀመሪያ ሳቀች፤ ቀጥላ «እማ፣ ዞር በይ እስቲ» አለች፤ ከዚያ አቀፈችኝ። ክቡርነትዎ ከሦስተኛ ፎቅ ሆነው ወደ ግቢው ሲመለከቱ ከሩቅ የሚቀላ ነገር ቢያዩ አይደንግጡ፤ እሳት አይደለም፣ ሥራ እየገባሁ ነው።

ክቡርነትዎ በጤናና በሥልጣን፣ በምንጣፍና በሊፍት ይሰንብቱልኝ እያልኩ፣ ገጽታዎም እንደተገነባ ይቆይልዎ ዘንድ ከልቤ እየተመኘሁ፣ ዝቅ ብዬ፣ ማለትም እርስዎ ባዘዙት መሠረት ሃያ ሁለት ደረጃ ያህል ዝቅ ብዬ፣ እሰናበታለሁ።

አክባሪዎ፣
የሦስተኛው መስኮት ሠራተኛ

ግልባጭ፦
ለቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ
ለበር ጥበቃው፣ ቦርሳዬን ከሰኞ ጀምሮ እንዲፈትሽ
ለልጅቱ

ከፈረምኩ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ መዝገብ ቤት ስወርድ የተሰጠኝ ሥራ ከማዘጋጃ ቤት የተረከብነውን የድሮ የልደት መዝገብ አቧራ አራግፎ በፊደል ተራ መደርደር ስለነበረ፣ ትእዛዝዎን አክብሬ ስሠራ ሰንብቼ ባለፈው ማክሰኞ በእርስዎ ስም፣ በአባትዎና በእናትዎ ስም የተጻፈ የልደት መዝገብ አገኘሁ፤ ሁለት። አንደኛው ጠርዙ የተበላ፣ ቀለሙ የደበዘዘ ነው፤ ሁለተኛው እርስዎ ለዚህ ጽሕፈት ቤት በተሾሙ በሦስተኛው ሳምንት የወጣ ንጹሕ ነጭ ወረቀት ነው። በመካከላቸው አራት ዓመት አለ። በሃያ ሦስት ዓመት አገልግሎቴ ብዙ መንታ ብመዘግብም፣ በአራት ዓመት የሚበላለጥ መንታ፣ ያውም አንድ ስም ያለው፣ ገጥሞኝ ስለማያውቅ እጅግ ተደንቄአለሁ። የባለጉዳይ ምስጢር እንድጠብቅ የፈረምኩ ሠራተኛ ነኝና ዓመተ ምሕረቱን አልጽፍም፤ የሁለቱንም አቧራ ጠርጌ ጎን ለጎን በቦታቸው አስቀምጬአቸዋለሁ። ጥያቄዬ አንድ ብቻ ነው፤ የእኔን ደብዳቤ የፈረመው ከሁለቱ የትኛው ነው? ታላቅየው ከሆነ ጡረታ መውጣት ከነበረበት ሁለት ዓመት አልፎታልና ፊርማው አይጸናም፤ ታናሽየው ከሆነ ደግሞ እሱም ቢሆን በሰባት ዓመት ይበልጠኛልና፣ ታላቄ ነውና፣ ቅጹን ቀድሞ ፈርሞ ያሳየኝ።