ከልጅቷ አባት ጋር ፍል ውሃ ገባሁ

ሸምሱ ወንድሜ፣

ይህን ካርድ ማንንም ሳላስቸግር በገዛ እጄ ነው የጻፍኩት፤ የማታ ትምህርት አንደኛ መሆኔን አሁን እመን! ያለሁት አታሚ በምትባል የጃፓን የባሕር ዳር ከተማ ነው። ልጄ ቶሚ ሊያገባት ያሰባት ልጅ አባት ፍል ውሃ ጋብዘውን ገባን። ሽማግሌው ስለ ጋብቻው እስካሁን እሺም እንቢም አላሉም። እዚህ ልብስ ሁሉ ይወለቃል፤ ሶ፣ ልጅ ልድር መጥቼ ራቁቴን ቀረሁ። ፍል ውሃ እንደኔ የሚያውቅ የለም ብዬ አማተብኩና በእፍኜ ሦስት ጊዜ ጠጣሁ። ለካ ጨው ነው!

«አባዬ፣ ስቶፕ! ሰው የሚታጠብበት ነው!» አለኝ ቶሚ ጥርሱን ነክሶ።

«ዝም በል፣ ጠበል ነው» አልኩት። በሆዴ ግን ሠርጉን ቀበርኩት ብያለሁ።

ሽማግሌው ትክ ብለው አዩኝ። ከዚያ እንግዳ እንዳያፍር ብለው ነው መሰለኝ፣ እሳቸውም በእፍኛቸው ቀድተው ጠጡ። ሳል ሊገድላቸው ነበር! ሲበርድላቸው ትከሻዬን ቸብ አድርገው «ኦኬ፣ ኦኬ» አሉ።

ቦታ አለቀብኝ። ግራንድ ፕሬሪ መጋዘን አብረውን ለሚሠሩት ልጆች ሰላም በልልኝ። ለባለቤቴ ለትዕግሥት ሠርግ አለ በላት፤ እንዴት እሺ አሉ ካለችህ፣ ክብረት ውሃ አጠጥቶ አሳመናቸው በላት።